ዳር ዳሩን ተወው
ዛሬ ከመንገዱ መስመር ላይ ጥቁር መረሬ አፈር ስንጠርግ ዋልን። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መንገድ አያስቀምጥም። አፈር የምንገፋበት ማሽን፣ ዶዘሩ፣ የሚመላለስበት ቦይ እየጠለቀ ሲሄድ አዲሱ ረዳቴ «ጋሼ፣ ዳር ዳሩን አላስተካክለውም?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ግራና ቀኝ የቆመው አፈር እኮ ግድግዳችን ነው፤ የምንገፋው ከፊት ብረቱ ጎንና ጎን እንዳያፈተልክ ይይዝልናል። ቁልቁል ሲሆንማ የማሽኑ ክብደት ራሱ ያግዛል። አፈሩ የሚገፋበት ርቀት ከ100 ሜትር በእጅጉ ካለፈ ግን ዶዘር ናፍጣ ከመጨረስ በቀር ብዙም አይፈይድም፤ ያኔ ቆርጦ፣ ጭኖ፣ ወስዶ የሚበትነው ስክሬፐር ይሻላል። እሱም ቢሆን ሲጭን ብዙውን ጊዜ ከኋላው የሚገፋው ዶዘር ይፈልጋል። አለቆች ይህን የሚያስታውሱት ናፍጣው ካለቀ በኋላ ነው! ነገ ዝናብ ካልጣለ በግራው በኩል እንቀጥላለን።