ሲያመው ሌላ ቦታ የሚጮህ ቤት

ከከተማ ርቆ ቤት የያዘ ሰው ውሃውም ፍሳሹም ከቆጣሪው እስከ ቤቱ የሚዘረጋው ሽቦም የራሱ ጣጣ ነው። ባለሙያ ቢጠራ እንኳ የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅና ሌላ ሥራ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ መጠገኑ ከአቅሜ በላይ ቢሆንም ምኑ እንደተበላሸ ለይቼ መጠበቅ ልማዴ ሆኗል። በዚህ ልማድ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ጥርጣሬ ነው። ችግሩ ብቅ ያለበትን ቦታ አላምንም። ውሃ የሚያንጠባጥብበትና ውሃ የሚገባበት፣ መብራት የሚፈዝበትና ሽቦ የላላበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

በፓምፑ ልጀምር፤ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ወደ ፕሬዠር ታንክ የሚገፋ ተራ ፓምፕ ነው። ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ እየወረደ 1.4 ባር ሲደርስ ስዊቹ ያስነሳዋል፣ 2.8 ባር ሲሞላ ያጠፋዋል። ደህና በነበረ ጊዜ ባልዲ ሙሉ ቀድተን ድምፁን ላንሰማ እንችል ነበር። ኋላ ግን እጅ ለመታጠብ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ጠቅ ይላል፣ ያጓራል፣ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ሊያየው የመጣው ልጅ ክዳኑን እንኳ ሳይነካ ፈረደበት።

«እትዬ፣ ይሄ ፓምፕ አርጅቷል። አዲስ ነው የሚያስፈልግዎት።»

«የሚያመጣው ውሃ ቀንሷል እንዴ?»

«ኧረ አልቀነሰም።»

«ታዲያ እርጅናው ምኑ ላይ ነው?»

ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ፓምፑ ታዛዥ ብቻ ነው፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። መጠየቅ ያለበት ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚያዘው ነው። ውሃ ሲጨመቅ አይጠብም፤ የሚጨመቀውና መልሶ የሚገፋው ታንኩ ውስጥ ከጎማው ጀርባ ያለው አየር ነው። አየሩ ካለቀ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲወጣ ግፊቱ ዝርግፍ ብሎ ይወርዳል፣ ስዊቹም ምስኪኑን ፓምፕ ያለ እረፍት ያመላልሰዋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ፓምፕ ቢገባ እሱም በተራው ይቃጠላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ታንኩ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለ መንፊያ አለ። መሃሉ ላይ ያለችውን መርፌ ጫን ስትሏት ውሃ ከተፋች የውስጡ ጎማ ተቀዷል፤ ጎማው ወይም ታንኩ ይቀየራል። አየር ብቻ፣ ያውም ደከም ያለ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው መሞላት ነው። የእኛ ሁለተኛው ነበር። ብሬከሩን አጠፋን፣ ቧንቧ ከፍተን ታንኩን እስከ መጨረሻው አፈሰስነው፤ ውሃ እያለበት የሚለካ የአየር ግፊት ውሸት ነው። ከዚያ በብስክሌት መንፊያ 1.2 ባር ገደማ ሞላነው፤ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት ትንሽ ዝቅ ማለት ስላለበት ነው። ዋጋው ላብ ብቻ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ግን ፓምፑ ሌሊት ማንም ውሃ ሳይነካ መነሳት ጀመረ። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ዘሎ መሬት መቆፈር የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔ ፓምፑን አጥፍቼ ከታንኩ ወደ ቤት የሚወጣውን ባልቦላ ዘጋሁና የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ተመለከትኩ። በዚህ ጊዜ ግፊቱ መውረዱን ከቀጠለ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ ነው፤ ተጠርጣሪው ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክለው ባልቦላ ነው። ጌጁ ከቆመ ግን ሌባው ቤት ውስጥ ነው። ቆመ። ሽንት ቤቱ ላይ ባለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨመርኩ፤ ማንም ሳይለቀው ሳህኑ ውስጥ ቀዩ ቀለም ቀስ እያለ በግድግዳው ወረደ። ጥፋቱ የሳጥኑ የታችኛዋ ጎማ ነበር። ድምፅ የሌለው ፍሳሽ ስለሆነ ጆሮ አያገኘውም።

በነገራችን ላይ፣ በደረቅ ወቅት ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃ እምቢ ካለ ወዲያው አትስደቡት። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤ ቧንቧው ውስጥ አየሩን ያሳሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ይህ ግፊት በሐሳብ ደረጃ የሚያነሳው 10.3 ሜትር ብቻ ነው፤ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ ከቧንቧውና ከመገጣጠሚያው ብክነት በኋላ በተግባር 6 ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው። ውሃው ከዚያ በታች ከሸሸ የፈረስ ጉልበት መጨመር ከንቱ ነው። መፍትሔው ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ ፓምፕ ነው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልሂድ። ፓምፑ ሲነሳ የሳሎኑ አምፖል ይፈዝ ነበር፤ ሁሉም ሰው «መስመሩ ደካማ ነው» ይለኛል። መስመር ደካማ መሆኑ በሒሳብ ይታወቃል። ከቆጣሪው እስከ ፓምፑ 60 ሜትር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 120 ሜትር ሽቦ ማለት ነው። 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.84 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ፓምፑ ሲሠራ 5 አምፒር ስለሚስብ ሊጠፋ የሚገባው 4 ቮልት ብቻ ነው። ሞተር ሲነሳ አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ለቅጽበት 25 ቮልት ቢወርድ አይገርምም፤ አምፖሉ ለአፍታ ፈዝዞ ቢመለስ ጉዳት የለውም። የእኛ ግን አይመለስም፤ ፓምፑ እስኪጠፋ እንደፈዘዘ ይቆያል።

ፓምፑ እየሠራ ባለሙያው በመልቲሜትር ለካ። ቆጣሪው ጋ 218፣ ፓምፑ ጋ 196። ሽቦው ሊበላ ይችል የነበረው 4 ቮልት ነው፤ 22 ጠፍቷል። የቀረው 18 ቮልት የሆነ አንድ መገጣጠሚያ ላይ እየተቃጠለ ነው፤ በ5 አምፒር ሲባዛ 90 ዋት ሙቀት ማለት ነው፣ በአንዲት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ! ሳጥኗን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አገኘናት። ከውጭ ነጭ ናት፤ ክዳኗ ሲነሳ የውስጥ ጎኗ እንደ ቡና ጠቁሯል። አሉሚኒየም ሽቦና መዳብ ሽቦ እጅ ለእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ሁለቱ ብረቶች በርጥበት ሲገናኙ ይዝጋሉ፣ ሲዝጉ ይሞቃሉ፣ ሲሞቁ ይላላሉ፣ ሲላሉ ይበልጥ ይሞቃሉ። ለሁለቱ ተብሎ በተሠራ ማገናኛ ታሰረና አበቃ። ሽቦውን በሙሉ ቀይረን ያቺን ሳጥን ትተናት ቢሆን ኖሮ እሳቱን በቦታው እንተወው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። መብራት ያላት ካቻቢቴ «ፌዝ አለ»፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አምጪው ሽቦ ይሄ ነው፣ ከማለት በቀር የምትነግረን ነገር ጥቂት ነው። መመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ቢበጠስም ትበራለች፤ መገጣጠሚያው ቢላላም ትበራለች። መልቲሜትር ራሱ ሸክም በሌለው መስመር ላይ 220 እያሳየ ይዋሻል። ልኬት ማለት ዕቃው እየሠራ የሚለካ ነው፤ የሚለካውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ጣሪያው ደግሞ ራሱን የቻለ ተንኮለኛ ነው። አንድ ማለዳ እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ሳይዘንብ ያፈሳል እንዴ ይሄ ቤት!» ስትል ሰማሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሯል፣ ግን ኮርኒስ በሌለው ክፍል ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል። መሰላል አውጥቶ ሚስማር የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኝም። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ከትንፋሻችንና ከምድጃው የወጣው እንፋሎት ሄዶ እዚያ ውሃ ይሆናል። ወደ ላይ ስመለከት ጠብታዎቹ በአንድ ቦታ አልተሰበሰቡም፤ ቆርቆሮው ወደ ታች በጎበጠበት መስመር ሁሉ ሥርዓት ይዘው ተሰልፈዋል። የተቀደደ ጣሪያ እንዲህ አያፈስም። ሲሚንቶና ሬንጅ የማይረዳው፣ በጣሪያው ሁለት ጫፍ የአየር መውጫ በመክፈትና ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ በመሥራት የሚረዳ ችግር ነው።

የእውነቱ ቀዳዳ ሌላ ክፍል ነበር። እርጥቡ የወረደው በመስኮቱ አጠገብ ሲሆን ውሃው የገባው ግን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ላይ ነው፤ ሞራሌውን ተከትሎ ወርዶ ጎበጥ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይለቅቃል። ለማግኘት ዝናብ አይጠበቅም። አንዱ ውጭ ሆኖ በጎማ ከታች ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያጠጣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ያያል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያጥብ ምንም አይለይም። ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ከሸለቆው ተመቶ ነበር፤ ውሃ የሚሄደው በሸለቆ ነው። ሌሎቹም ቆርቆሮው ቀን ሲሞቅና ማታ ሲቀዘቅዝ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ቀስ በቀስ ከእንጨቱ ወጥተዋል። መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል እንጂ አይዘጋውም፤ በጎማ ባለው ረዘም ያለ ብሎን ቀየርናቸው።

ግድግዳው ከታች ሲረጥብ ደግሞ ቀለም ሠሪ ከመጥራታችሁ በፊት እርጥቡ ላይ አንድ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በቴፕ ለጥፋችሁ አሳድሩት። ውሃ ከላስቲኩ ጀርባ ካወጣ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ከፊቱ ካወጣ የክፍሉ አየር ነው። የእኛ ከጀርባ ነበር፣ ምክንያቱ ግን ከጣሪያው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 600 ሊትር በቤቱ ዙሪያ ይፈሳል። አሸንዳ ከሌለ ይሄ ሁሉ የግድግዳውን እግር ይመታል። አሸንዳ ሰቀልን፣ አፈሩን ከግድግዳው ጀምሮ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቅን ወደ ቦዩ መለስነው። ለውጡ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል።

ስለ ፍሳሽ ብዙ አልልም። አንድ ማጠቢያ ብቻ ከዘገየ ችግሩ እዚያው ነው፤ ሁሉም ከዘገዩ ዋናው መስመር ወይም የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ታንክ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጥ መግባት ግን በጭራሽ። የሚገድለው ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ አፍንጫ አያስጠነቅቅም።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ቧንቧ ከመቀበሩ በፊት ፎቶ ይነሳል፤ ከየትኛው የቤቱ ማዕዘን ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት እንደጠለቀም ይጻፋል። ወደ እያንዳንዱ ክፍል በሚለየው መስመር ላይ ባልቦላ አስገብቻለሁ፤ አንዱ ሲበላሽ ቤቱ ሁሉ ውሃ እንዳያጣ ነው። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው እላለሁ፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግንም።

የቀረው የጓዳው በር ነው። ክረምት ላይ ይይዛል፣ ወንድሜም መላጊያውን ይዞ ዝግጁ ነው። እኔ ግን በሩን ዘግቼ የተፋቀበትን አየሁ። እንጨቱ ቢያብጥ ኖሮ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ይፋቅ ነበር፤ የተፋቀው ግን ከመቆለፊያው በኩል ያለው የላይኛው ማዕዘን ብቻ ነው። ይህ ማለት በሩ አዘንብሏል፣ ያዘነበለውም የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ስለላላ ነው። ነገ ረዘም ያለ ብሎን እናስገባለታለን፤ መላጊያው ይቆይ።