ከጥዱ ግንድ አንድ ሜትር ላይ ያስቆፈርኩት ቦይ

ግቢያችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው። አባቴ ቤቱን ሲሠራ ሁለት የሐበሻ ጥድና አንድ ዝግባ ቦታው ላይ ነበሩ። እነሱን ላለመንካት ብሎ ማድቤቱን ወደ ጓሮ እንዳዞረው እማዬ ሁሌ ታወራለች። ዛሬ ከጥዶቹ አንዱ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ሰፈር ዝናቡ አያባራም። መሬቱ ይርሳል፣ ማታ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ስለዚህ የደረቁ ቅርንጫፎችን ጥር ላይ፣ በደረቁ ወቅት አስቆረጥኩ። ከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ይገዘገዛል፣ ከዚያ ከላይ። አለበለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይሄዳል። ቁስሉን ቀለም መቀባት አያስፈልግም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን «ይሄ ጥድ ቤቴ ላይ ይወድቃል» ብለው አመለከቱ። ከቢሮ አንድ ባለሙያ መጣ። አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ አየና «ከግማሽ በላይ ያለውን ቁረጠው፣ ነፋሱ ይቀልለታል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ዛሬም በዚህ አልጸጸትም። የጥድ አናት ከተገመጠ ቅጠል የሌለው እንጨት እንደገና አያቆጠቁጥም። ትልቁ ቁስል ውኃ ይይዝና ወደ ውስጥ ይበሰብሳል። ባለሙያው ተቆጣ። «ከወደቀ ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብሎ ወጣ። ከግንዱ ሥር ያለውን መሬት አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ ብሎ አላየም። በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ግን እኔም አላየሁም።

ያቺ ንግግር አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። ሐምሌ ሲገባ ጥዱ ሥር ውኃ መቋጠር ጀመረ። መሬቱ ከረጠበ ዛፉ ይላላል ብዬ ፈራሁ። ውኃውን ባፈሰው ይጠነክራል አልኩ። አንድ ቀን ሠራተኛ ጠርቼ ከግንዱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ በተራራው በኩል፣ ጉልበት የሚደርስ ቦይ አስቆፈርኩ።

እኩለ ቀን ላይ ልጁ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ወፍራም ሥር አለ። ልቁረጠው ወይስ ልለፈው?» አለኝ። ሥሩ እንደ ክንዴ ይወፍራል። ቀይ ነው፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። «ቁረጠው፣ ሌላ ብዙ አለው» አልኩት። እስከ ማታ አራት እንደዚያ ያሉ ሥሮች ቆረጠ። ልጁ መጠየቁ ልክ ነበር። የመለስኩለት እኔ ነኝ።

ቦዩ ውኃውን አፈሰሰው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እንደ መኪና ግጭት ያለ ድምፅ ቀሰቀሰን። ጥዱ ማድቤቱ ላይ ተኝቷል። ጣሪያው ምጣዱ ድረስ ወርዷል። እማዬ ሁልጊዜ በ11 ሰዓት ተነስታ እሳት የምታነደው እዚያ ነው። ሦስት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ የሚለውን ሐሳብ እስካሁን ጨርሼ ማሰብ አልችልም።

ሲነጋ የተነቀለውን ሥር አየሁት። የጥድ ሥር ቁልቁል ርቆ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው። ሥርም አየር ይፈልጋል፤ በረጠበና በጠጠረ መሬት ውስጥ ጠልቆ አይሄድም። ዛፉን አቁመው የያዙት ወደ ጎን የተዘረጉት ሥሮች ናቸው፣ በተለይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንደ ድንኳን ገመድ የሚወጠሩት። እኔ የቆረጥኩት እነዚያን ነው። በአንዱ ጎን የዶማው ቁርጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የረጠበው አፈር ደግሞ የቀሩትን መያዝ አልቻለም።

አሁን የምለው ይህን ነው። ለቱቦም፣ ለአጥር መሠረትም፣ ለቦይም ከመቆፈራችሁ በፊት የግንዱን ውፍረት (ዙሪያውን ሳይሆን ከጎን እስከ ጎን ያለውን) ለኩና በ12 አባዙ። ግንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በዙሪያው 7.2 ሜትር ድረስ ዶማ አይግባ። ግድ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ አፈሩን በእጅ አውጡና ቱቦውን በሥሩ ሥር አሳልፉ። ግንዱ ላይ አፈር አትከምሩ፣ ዙሪያውን ሲሚንቶ አታፍስሱ። ከነፋስ በኋላ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች እዩ። አፈሩ ተሰንጥቋል? በአንድ በኩል ተነስቷል? ከግንዱ እግር እንጉዳይ ወጥቷል? ትናንት ቀጥ ያለው ዛፍ ዛሬ ካዘነበለ በሥሩ አትተኙ፤ የማንንም ደብዳቤ አትጠብቁ፣ ከቤቱ ውጡ።

ቦዩን ደፍኜ የውኃውን መውረጃ በአጥሩ ጥግ አዞርኩት። ዝግባው ሩቅ ነው። የቀረውን ጥድ ግን ያው ቦይ በአራት ሜትር ርቀት አልፎታል። ልጁ በዚያ በኩልም ሁለት ቀጫጭን ሥሮች መቁረጡን አስታውሳለሁ። ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ በእሱ በኩል ያለውን መኝታ ቤት ባዶ አደረግን። ልጆቹ እስከ መስከረም ሳሎን ይተኛሉ።