ሦስት ቅዳሜ የፈጀብኝ የኮሮላዬ ማርሚታ

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ወርዷል! ሊፍት የለኝም፣ ጋራዥ አልሄድኩም፤ ቤቴ ደጃፍ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ በገዛ እጄ አወረድኩት። ደስታዬ ገና ስላልበረደ ልጻፈው ብዬ ነው።

መኪናዋ የ2006 ሞዴል ኮሮላ ናት። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ በረዶውን ያቀልጣል፣ የመኪናን ሆድ ደግሞ ይበላል። ከውስጥም ሌላ ጠላት አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጠራል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ቧንቧው ስለሚግልለት ውሃው በእንፋሎት ይወጣለታል። የእኔ መንገድ ግን ከቤት ሥራ 10 ደቂቃ ነው። ውሃው እዚያው ማርሚታው ውስጥ ይተኛል። ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ የመኪናዋ ድምፅ እንደ ትራክተር ሆነ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የማርሚታው ስፌት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። ድምፁስ ይሁን፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከኋላ ደግሞ ልጄ ነው የምትቀመጠው።

ስለማንሳቱ ብዙ አላወራም። ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚያቆም ብረት)፣ ጎማው ሥር ሽብልቅ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የምትገቡ ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉ። ማርሚታውን ያንጠለጠሉት የላስቲክ ማንጠልጠያዎችም አላስቸገሩም፤ የሳሙና ውሃ ቀብቼ ስጎትታቸው ወጡ።

ችግሩ ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። የፊተኛው ቧንቧና የኋለኛው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሞላ ያላቸው ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ራሳቸው በ14 መፍቻ ይፈታል። ዳዶው (ብሎኑ የሚጠብቅበት ብረት) ለብቻው አይወጣም፣ ከፊተኛው ቧንቧ ጋር ተበይዶ የመጣ ነው። ስለዚህ ብሎኑ እምቢ ካለ ሌላ መውጫ የለም። የእኔዎቹ ደግሞ ቅርፃቸው ጠፍቶ የከሰል ፍም ይመስሉ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። ዝገት የሚያላቅቅ የዘይት ስፕሬይ ነፋሁ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ከዚያ መፍቻው ላይ አንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። ብሎኑ ተንቀሳቀሰ። ደስ አለኝ። ግን እንቅስቃሴው እንደ ማስቲካ ልስልስ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ፤ ብሎን ልስልስ ሲልባችሁ እየተፈታ ሳይሆን እየተጠመዘዘ ነው። አላቆምኩም። ቀጭ አለና ራሱ ደረቴ ላይ ወደቀ። መነጽርም አላደረግሁም ነበር፤ የዝገት ቅርፊት ዓይኔ ገብቶ ሐኪም ነው ያወጣልኝ። ለሁለት ቀን ብርሃን ማየት አልቻልኩም። መነጽር ሳታደርጉ ከሥር አትግቡ።

ማታ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ። ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ የሚሉትን ቃላት የሰማሁት እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው።

«ስንት ጊዜ አሞቅኸው?» አሉኝ።

«ኧረ አላሞቅሁትም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው መፍቻ ያነሳኸው?»

ሁለተኛው ብሎን የወጣው በእሳቸው መንገድ ነው። አሁን እኔ ከዚህ ሌላ መንገድ አላምንም። የጭስ ማውጫ ብሎን ላይ ስፕሬይ ብቻውን ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ የብሎኑን ጥርስ ሞልቶ፣ በየቀኑ ግሎ ግሎ ተጋግሯል። ዘይት የሚሰርግበት ክፍተት የለም። ክፍተቱን የሚከፍተው መሞቅና መቀዝቀዝ ነው።

ስለዚህ በትንሽ የፕሮፔን እሳት ዳዶውን ዙሪያውን አሞቅሁ። ብሎኑን ሳይሆን ዳዶውን፤ መስፋት ያለበት እሱ ነው። እሳቱን ካራቅሁ በኋላ ከልጄ ልደት የተረፈች ሮዝ ሻማ ጥርሱ ላይ አስነካሁ። ሰሙ ትንሽ ጨሰ፤ ከዚያ እንደ ውሃ ቀጥኖ ወደ ውስጥ ስርግ አለ። ሮዝ ቀለሙ ከዳዶው በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል አየሁት! ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። እንዲቀዘቅዝ ትቼ እንደገና አሞቅሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ አራት ጊዜ ስደጋግም መፍቻ አልነካሁም። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዴ አሙቄ፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋሁት። ሲጥ አለ። ከዚያ ሩብ ዙር ወደሚፈታበት አቅጣጫ፣ ትንሽ መለስ፣ እንደገና ሩብ ዙር። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ሙሉውን ወጣ።

ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሽ (ብሎኑ ራስ ላይ የሚጠለቅ መፍቻ) ተጠቀሙ። ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ብሎን ራስ ያሟልጫል። እሳት ስታነሱ የቤንዚን ታንከሩና የፍሬን ቱቦው የት እንዳሉ ቀድማችሁ እዩ፤ እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር። ክሎሪን ያለው የፍሬን ማጽጃ ነፍታችሁ ከሆነ ደግሞ እሳት አታስጠጉ፤ ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል መርዝ ይወጣዋል።

የተሰበረውን በትራፓኖ ነው የበሳሁት። መሃሉን ስቼ ቀዳዳው ትንሽ ጠመም ብሏል። አዲሱን ብሎን አሳልፌ ከወዲያ በኩል በሌላ ዳዶ አሠርኩት፤ ይዟል። ጓርኒሲዮኑን (መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ማሸጊያ) ቀየርኩ፣ ጥርሶቹን ሁሉ የመዳብ ቅባት ቀባሁ። አሮጌውን ማርሚታ ስገለብጠው ቡና የመሰለ ውሃና አንድ እፍኝ የዝገት ቅርፊት ወጣው።

አሁን የቀረኝ የኦክሲጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው መሣሪያ) ነው። እሱም እንደዚያው ዝጓል። ጥርሱን ሳታበላሹ ያወጣችሁት ካላችሁ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ነው ወይስ ቀዝቅዞ?