ምስር አፍ የለውም

እኩለ ሌሊት አልፏል። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ለነገ የሚሆን ምስር ትሪ ላይ ዘርግቼ እየለቀምኩ ነው። ከሺቫ ቤት፣ ማለትም አይሁድ ሰባት ቀን ሐዘን ከሚቀመጡበት ለቅሶ ቤት፣ ከመጣሁ አራት ሰዓት ሆኖኛል፣ እዚያ የተናገርኩት ነገር ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል።

ጎረቤታችን የ22 ዓመት ልጇን ቀበረች። ካንሰር ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። መስታወቱን በነጠላ ሸፍነውታል። እሷ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀብሩ ላይ እንደ ሐዘን ደንቡ ከቀደዱት የሹራቧ አንገት አንድ ክር ተንጠልጥሏል። ያንን ክር እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ እሱ የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። መልስ አልሰጠችኝም። እኔ ብሆን «ለማን በጎ?» ብዬ እጮህ ነበር።

ከኋላዬ እናቴ ገባች። 80 ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷም አይታዘዝላትም። ወንበር ሲያቀርቡላት ትታ መሬት የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፣ የሐዘንተኛዋን እጅ ያዘች፣ በቃ። አንድ ቃል አልወጣትም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ከቆዩ በኋላ ሴትዮዋ ራሷ ጀመረች፦ ልጇ ሕፃን እያለ እንጀራውን ከዳር ከዳር እየቆረሰ መሀሉን ለእሷ ይተውላት እንደነበር። ሳቀችም፣ አለቀሰችም።

የሚያናድደኝ ደግሞ የአይሁድን የሐዘን ሕግ ማወቄ ነው። ሐዘንተኛው ሳይናገር ሊያጽናና የመጣ ሰው አፉን አይከፍትም። ሊቃውንቱ ይህንን ያገኙት ከመጽሐፈ ኢዮብ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ቃል አልተነፈሱም። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ሰዎች ነበሩ! ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ጉዱ መጣ። አንዱ በድለህ ይሆናል ይለዋል፣ ሌላው ልጆችህ በድለው ይሆናል ይለዋል፣ ሁሉም የእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ኢዮብ ደግሞ የተወለደባትን ቀን ረገመ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ካልተሟገትኩ አለ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ማንን ነው? ጠበቆቹን። እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ትክክሉን አልተናገራችሁም አላቸው። ዛሬ እኔም ከጠበቆቹ ወገን ነበርኩ።

ይሄ ምስርም ነገር አለው። ከቀብር መልስ ጎረቤት ለሐዘንተኛ የሚያቀርበው የመጀመሪያው ምግብ የተቀቀለ እንቁላልና ምስር ነው። ምስር ክብ ነው፣ እንደ ሌላው ጥራጥሬ አፍ የሚመስል ስንጥቅ የለውም፣ ሐዘንተኛም እንደዚሁ አፍ የለውም ይላሉ። እኔ ግን ምስሩን መብላት ያለበት ሊያጽናና የመጣው ሰው ነው ባይ ነኝ።

እናቴ ይህን ዝምታ ከራቢ፣ ከአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ አልተማረችውም። የተማረችው ሱዳን ነው። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ነን። በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ኢየሩሳሌም ብለን ከጎንደር በእግራችን ወጥተን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ስምንት ወሩ። እሱ ካምፑ ውስጥ ቀረ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ገደማ ናቸው ይባላል። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። አንድ ዓመት እናቴን ይዣት ሄድኩ። ተናጋሪው ለኢየሩሳሌም ስለተከፈለው ዋጋ፣ ስለ መስዋዕትነቱ ሲናገር እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔ አልከፈልኩም። ሞተብኝ እንጂ» አለች።

ሞተብኝ እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ቃል አልለቀቀችኝም። ኢየሩሳሌምን ትወዳለች እኮ። ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ጾማ ኢየሩሳሌም ካለው አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ድረስ ትወጣለች፣ ቄሶቹ በግዕዝ ሲጸልዩ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። እግዚአብሔርን አንድም ቀን ስትክድ ሰምቻት አላውቅም። ልጅሽን ለዚህ ብሎ ወሰደው የሚላትን ሰው ግን አትቀበልም።

እዚህ እስራኤል ትምህርት ቤት ገብቼ ስንት ዓመት ቆይቼ ታልሙድን፣ የጥንት ራቢዎች የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ሳነብ ያንኑ ነገር አገኘሁት። ለኛ ለቤተ እስራኤል ታልሙድ አልደረሰንም፣ የነበረን ኦሪት ነው። ብራኾት በሚባለው ክፍል አምስተኛው ቅጠል ላይ መጀመሪያ ማብራሪያ ይደረደራል፦ መከራ የመጣበት ሰው ሥራውን ይመርምር፣ ካላገኘ ኦሪትን ከማጥናት ቦዝኖ ይሆናል፣ እሱም ካልሆነ የፍቅር ቅጣት ነው። ይህ ሁሉ ተብሎ ተብሎ ሲያበቃ ወሬው ወደ ታመሙ ሰዎች ቤት ይገባል። ራቢ ዮሐናን የታመመ ባልንጀራውን ሊጠይቅ ሄዶ «መከራህ ይወደድልሃል?» ይለዋል። በሽተኛው «እሱንም አልፈልግ፣ ዋጋውንም አልፈልግ» ብሎ መለሰ። በዕብራይስጡ ሎ ሄን ቨሎ ስኻራን ነው። ራቢ ዮሐናን አልገሠጸውም። «እጅህን ስጠኝ» አለው፣ ያዘው፣ አስነሣው። በኋላ ራሱ ሲታመም ሌላ ሰው መጥቶ በእጁ አስነሣው። ለምን ራሱን አላስነሣም ሲባል፣ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አይፈታም ተባለ። ይሄ ራቢ ዮሐናን አሥር ልጆች የቀበረ ሰው ነው፣ የአሥረኛውን አጥንት ይዞ ይዞር ነበር።

ያንን ሳነብ እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች ፊቴ ድቅን አለች።

የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሊቅና ፈላስፋ የሆነውን ራምባምን ደግሞ አከብረዋለሁ፣ ግን በዚህ ነገር አልስማማውም። በሰው ላይ ከሚደርሰው ክፉ ነገር በተፈጥሮ የሚመጣው ትንሹ ነው፣ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው ይበልጣል፣ ሰው በራሱ ላይ የሚያመጣው ደግሞ ከሁሉም ይበዛል ይላል። ስለ እግዚአብሔርም ያልሆነውን እንጂ የሆነውን መናገር አንችልም የሚለው እሱ ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን በርጩማ ላይ ለተቀመጠች እናት አይነገርም። ራሱም ቢሆን ወንድሙ ዳዊት ለንግድ ሲሄድ የህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሲሰጥምበት አንድ ዓመት ያህል ታሞ አልጋ ላይ ወደቀ፣ ከዓመታት በኋላም መጽናናት እንዳልቻለ በደብዳቤ ጽፏል። ከፍልስፍናው ይልቅ በዚያ ደብዳቤው ይቀርበኛል።

ማታ ወንዶቹ ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልገውን አሥር ሞልተው ሲጸልዩ የልጁ አባት ካዲሽ፣ ሐዘንተኛ የሚለውን ጸሎት፣ አለ። ካዲሽ ውስጥ ሞት የሚል ቃል የለም። ታላቁ ስሙ ከፍ ይበል፣ ይቀደስ እያለ ይሄዳል። ሰውየው መሀል ላይ ድምፁ ተቆረጠ፣ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ቃሉን ቀስ ብሎ አቀበለው፣ ቀጠለ። ይሄ እምነት ነው ወይስ ኩርፊያ? አላውቅም፣ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ስንወጣ እንደ ደንቡ «ሃማቆም» ያጽናናችሁ ብለን ወጣን፣ ከጽዮንና ከኢየሩሳሌም ለቀስተኞች ሁሉ ጋር። ሃማቆም ማለት ስፍራው ማለት ነው፣ ከእግዚአብሔር ስሞች አንዱ ነው። እሱ የዓለም ስፍራ ነው እንጂ ዓለም የእሱ ስፍራ አይደለችም ይላሉ። ስንት ስም እያለው፣ መሓሪው ወይም ዳኛው ማለት ሲቻል፣ ለቅሶ ቤት የተመረጠው ይሄ ነው። ምንም አያብራራም። ዝም ብሎ መቀመጫ የሚሰጥ ስም ነው፣ እኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

ደረጃውን ስንወርድ እናቴን «ነገ ምን ልበላት?» አልኳት። «ምንም አትበያት» አለች። «ምስሩን አድርሰሽ እቃ እጠቢላት። ትናንትም የከመሩት እቃ አልታጠበም።»

ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ። ሦስት ጠጠር ወጣ።