ሁለገብ ተጠባባቂ ኳርተርባክ የማንን ቦታ ነው የሚይዘው?

በየዓመቱ ኦገስት ሲያልቅ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል) ቡድኖች የተጫዋች ዝርዝራቸውን ወደ 53 ያወርዳሉ። በዚያ ሳምንት ደጋፊውን ከሚያከራክሩት ነገሮች አንዱ ሁለገቡ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ነው፤ ኳርተርባክ ማለት ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ነው። አንዱ ወገን «መወርወር ካልቻለ ኳርተርባክ አትበሉት፤ ቦታውን ለአንድ ወጣት ተከላካይ ስጡት» ይላል። ሌላው «ይሮጣል፣ ይቀበላል፣ ፐንት (ኳሱን በእግር መትቶ ለተጋጣሚ መልቀቅ) ላይ ይገባል፤ በአንድ ሰው ሁለት ቦታ አገኘን» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሁለገቡ ሰው ቦታ ይገባዋል፤ የሚገባው ግን ሁለተኛ ኳርተርባክ ተብሎ አይደለም። እሱን ሁለተኛ አድርጎ ቆጥሮ «አንድ ቦታ አተረፍኩ» ያለ ቡድን፣ ያተረፈውን በአንድ ጉዳት ይመልሳል።

ክርክሩ የሚድበሰበሰው ሰዎች 53ን ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው። ከ2020 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጨዋታ ቀን መለያ የሚለብሱት 48 ናቸው፤ ያውም ቡድኑ ቢያንስ 8 የማጥቃት መስመር ተጫዋቾችን ካሰለፈ ነው። 7 ብቻ ካሰለፈ ቁጥሩ 47 ይሆናል። ቀድሞ 46 ነበር። ስለዚህ ደመወዝ እየበሉ ያለ መለያ ጎን ላይ የሚቆሙ ሰዎች ሁልጊዜ አሉ። ከ48ቱ ውስጥ ደግሞ መለያ ለብሶ አንድ ጊዜ እንኳ ሜዳ ሳይገባ የሚወጣው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂው ኳርተርባክ ነው። ኪከር እንኳ ይመታል፤ ለመቺው ኳሱን ወደ ኋላ የሚለቀው ሎንግ ስናፐር እንኳ ይገባል።

ሁለገቡ ሰው የሚፈታው ይህንን ነው፤ በ48ቱ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጥ የነበረውን መለያ ሥራ ላይ ያውለዋል። በስፔሻል ቲምስ (ኳስ በእግር ሲመታ በሚገቡት ቡድኖች) ስድስት ምድብ አለ፦ ኪክኦፍ መምታትና መቀበል፣ ፐንት መምታትና መቀበል፣ ፊልድ ጎል መምታትና መከላከል። ከእነዚህ ሦስቱ ወይም አራቱ ላይ የሚገባ ሰው የአራተኛ ታይት ኤንድን (የሚያግድም የሚቀበልም አጥቂ) ወይም የስድስተኛ ተቀባይን ሥራ እየሠራ ነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ የሚወጣው ሰው መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። ሁለተኛውን ኳርተርባክ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ፐንት ላይ የሚሰጠውን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው፤ ደጋፊው ብዙም ልብ የማይለው ቦታ ነው። መቺው ከሎንግ ስናፐሩ ወደ 15 ያርድ ርቆ ይቆማል። በመካከላቸው የሚቆመው ሰው የመቺው የቅርብ ጠባቂ ነው። የተከላካዮችን አሰላለፍ አንብቦ ማን ማንን እንደሚያግድ ይጠራል፣ ኳሱ እንዲለቀቅ ምልክት ይሰጣል፣ ከዚያ ሾልኮ የመጣውን ያግዳል። ኳሱ ከተለቀቀ እስኪመታ ከሁለት ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህ በኳርተርባክ አእምሮ የሚሠራ ሥራ ነው። እዚያ የቆመው ሰው መወርወር የሚችል ከሆነ ደግሞ ተጋጣሚው ሁሉንም ሰው ወደ መመለስ ማዞር አይችልም፤ ዳር ላይ ያሉትን ሯጮች የሚጠብቅ ሰው ማስቀረት ይገደዳል። የውሸት ፐንት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ የመልሱ ጉልበት ይቀንሳል። የዚህን ጥቅም ስታቲስቲክስ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

በማጥቃት በኩል ሒሳቡ ቀላል ነው። መደበኛ ኳርተርባክ ኳሱን ለሯጩ፣ ለራኒንግ ባክ፣ ሲያቀብል ራሱ ከጨዋታው ይወጣል፤ አጥቂው 10 ሆኖ 11 ይገጥማል። ሯጩ ራሱ ኳርተርባክ ሲሆን ግን ራኒንግ ባኩ ፊት ፊት እየሄደ ያግዳል፣ ቁጥሩም እኩል ይሆናል። በሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው) አንድ ወይም ሁለት ያርድ ሲቀር፣ ወይም ከጎል መስመሩ አምስት ያርድ ላይ፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የዚህ ሁሉ መለኪያ ቴይሶም ሂል ነው፤ ክርክሩ ያለ እሱ ስም አያልቅም። በ2017 ግሪን ቤይ ያለ ድራፍት (ከአዳዲስ ተጫዋቾች ዓመታዊ ምርጫ ውጭ) አስፈርሞት ዝርዝሩን ሲቀንስ ለቀቀው፤ ኒው ኦርሊየንስ ሴንትስ በዌቨር (የተለቀቀን ተጫዋች ሌሎች ቡድኖች በሚጠይቁበት አሠራር) ወሰደው። በ2019 በመደበኛው የውድድር ዘመን 19 ኳስ ተቀብሎ 6 ተችዳውን (ኳሱን ጎል መስመር ማሻገር) አስቆጠረ። በኦክቶበር 2022 ሲያትልን 39 ለ 32 ሲረቱ 9 ጊዜ ሮጦ 112 ያርድና 3 ተችዳውን አገኘ፤ በዚያው ጨዋታ አንድ ተችዳውን ወረወረ። ለሁለገቡ ሰው የሚከራከሩ ደጋፊዎች ይህን ጨዋታ ያነሣሉ፤ እውነትም አላቸው።

ግን ሴንትስ ዝርዝሩን እንዴት እንደሠራ ተመልከቱ። በ2018ና በ2019 ድሩ ብሪስ ቋሚ ነበር፤ ከኋላው ቴዲ ብሪጅዎተር የሚባል እውነተኛ ተጠባባቂ ነበረ፤ ሂል ሦስተኛው ነበር። በሴፕቴምበር 2019 ብሪስ አውራ ጣቱን ሲጎዳ የገባው ብሪጅዎተር ነው፤ በቋሚነት የጀመራቸውን አምስቱንም ጨዋታ አሸነፈ። ሂል በበኩሉ የዘወትር ሥራውን ቀጠለ። አሰልጣኝ ሾን ፔይተን ሂልን በየቦታው ሊጠቀምበት የቻለው ከብሪስ ኋላ ሌላ ሰው ስለነበረው ነው። «እኛም እንደ ሴንትስ አንድ ቦታ እንቆጥብ» የሚል ደጋፊ ይህን ረስቶታል። በዚያ ዘመን ሴንትስ በኳርተርባክ ላይ ቦታ አልቆጠበም፤ እንዲያውም ሦስት ይዞ ነበር።

የ2021ዱ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። በኦክቶበር 10 ዋሽንግተን ላይ ሂል የተወረወረለትን ኳስ ለመቀበል ሲሞክር ተመትቶ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ደረሰበት። ልብ በሉ፣ የተጎዳው እንደ ተቀባይ ሲጫወት ነው። በኦክቶበር 31 ታምፓ ቤይን ሲገጥሙ ቋሚው ጄሚስ ዊንስተን የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሂል ገና አልተመለሰም ነበር። የገባው ትሬቨር ሲሚያን ነው፤ ቡድኑም 36 ለ 27 አሸነፈ። ሲሚያን በዝርዝሩ ላይ ባይኖር ኖሮ ያ ጨዋታ ምን ይመስል ነበር? በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሂልም ሲሚያንም በኮቪድ ደንብ ሲወጡ፣ ጀማሪው ኢያን ቡክ በቋሚነት ገብቶ ማያሚ ስምንት ጊዜ በሳክ (ኳሱን ሳይወረውር) ጣለው፤ ውጤቱ 20 ለ 3 ሽንፈት ሆነ። አራተኛው ሰው ላይ ሲደረስ የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው።

በኤን.ኤፍ.ኤል ከዚህም የባሰ ታይቷል። በጃንዋሪ 2023 የኤን.ኤፍ.ሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱ) ፍጻሜ ላይ የሳን ፍራንሲስኮው ብሮክ ፐርዲ ክርኑን ተጎዳ፤ የተካው ጆሽ ጆንሰን ኮንከሽን ደረሰበት። ፐርዲ መወርወር እንኳ ሳይችል ተመልሶ ገባ፤ ፊላደልፊያ 31 ለ 7 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ሊጉ በ2011 አስቀርቶት የነበረውን የአስቸኳይ ሦስተኛ ኳርተርባክ ደንብ መለሰ። ሦስተኛው ሰው ከ48ቱ ውጭ ሆኖ ለብሶ ይቀመጣል፤ የሚገባው ሁለቱም ኳርተርባኮች በጉዳት ወይም በቅጣት ሲወጡ ብቻ ነው። አሰልጣኙ «አልጣመኝም» ብሎ ቋሚውን ቢቀይር ደንቡ አይሠራም። ከሁለቱ አንዱን ሐኪሞች ከፈቀዱለትም ሦስተኛው ይወጣል።

ይህ ደንብ ለሁለገቡ ሰው ክርክር ቁልፍ ነው፤ ደጋፊው ግን ብዙ አያነሣውም። ደንቡ የሚፈቀደው በዕለቱ ከሁለት በላይ ኳርተርባክ ላላሰለፈ ቡድን ነው። ሁለገቡ ሰው በኳርተርባክነት ተቆጥሮ ሦስተኛ ሆኖ ከለበሰ ያ ዋስትና ይቀራል። ስለዚህ በታይት ኤንድነት መመዝገቡ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። የአስቸኳይ ሦስተኛው ወንበርም ለእሱ አይሆንም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ኪክኦፍ ላይ መግባት አይችልምና ሁለገብነቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

አሁን የሚበላሸው የት ነው? አንደኛው ጣጣ ጥቆማ ነው። ሰውየው በገባ ቁጥር ሩጫ ከሆነ፣ ተከላካዩ ሰባት ስምንት ሰው ወደ መስመሩ ያስጠጋል፤ የቁጥር እኩልነቱም ጥቅሙን ያጣል። መድኃኒቱ ከስንት አንዴም ቢሆን መወርወር ነው፤ ያውም በመጀመሪያ ዳውን፣ ማንም ባልጠበቀበት ሰዓት። ፓት ኋይት ይህን በደንብ ያሳያል። ማያሚ በ2008 በዋይልድካት (ኳሱ በቀጥታ ለሯጭ በሚለቀቅበት አሰላለፍ) ኒው ኢንግላንድን 38 ለ 13 ካስደነገጠ በኋላ በ2009 ድራፍት በሁለተኛው ዙር በ44ኛ ተራ ኋይትን መረጠ። በሊጉ አምስት ኳስ ወረወረ፤ አንዱም አልተያዘለትም። መወርወሩን ማንም ካልፈራ ሩጫውንም የሚፈራው የለም። ቲም ቲቦ በ2012 በጄትስ የገጠመው ተመሳሳይ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ 8 ውርወራ፣ 32 ሩጫ፣ 102 ያርድ። በሩጫ በአማካይ ሦስት ያርድ ከትንሽ ማለት ነው። የፐንት ጠባቂነቱን ግን ሠርቷል።

ሁለተኛው ጣጣ ጊዜ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በሳምንቱ ልምምድ ቋሚው አብዛኛውን ተራ ይወስዳል። ተጠባባቂው የሚማረው በስብሰባ ክፍልና ከቋሚው ጀርባ ቆሞ በማየት ነው። ሁለገቡ ሰው ግን የስፔሻል ቲምስ ስብሰባ አለበት፣ ከታይት ኤንዶች ጋር ማገድ ይለማመዳል፣ የመቀበያ መስመሮችን ያጠናል። ሰዓቱ ያው ነው። ረቡዕ ላይ በሦስተኛ ዳውን ብሊትዝን (ተጨማሪ ተከላካዮች ኳርተርባኩ ላይ ሲሮጡ) እንዴት እንደሚያግዱ ሲያጠኑ እሱ ሌላ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ እሑድ በሁለተኛው ሩብ በድንገት ሲገባ የሚያውቀው አሥር አሥራ አምስት የማጥቃት ዕቅድ ብቻ ይሆናል። ደጋፊው «መወርወር አይችልም» የሚለው አንዳንዴ ክንዱን ሳይሆን ይህን ነው።

አንድ ትንሽ ነገርም አለች፤ ሄልሜት። ከአሰልጣኙ ጋር በሬዲዮ የሚገናኘው ሄልሜት ከኋላው አረንጓዴ ነጥብ አለው፤ በአጥቂው በኩል በሜዳ ላይ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ሬዲዮው ኳሱን ለመልቀቅ የሚሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀረው ይዘጋል። ሁለገቡ ሰው ቋሚው ሜዳ ላይ እያለ በተቀባይነት ከገባ ነጥብ የሌለው ሄልሜት ያደርጋል። በኳርተርባክነት ሊመራ ሲገባ መቀየር አለበት። ይህን ያልተለማመደ ቡድን ታይምአውት ያቃጥላል፤ ወይ ጨዋታው በእጅ ምልክት ይጠራና ተሳስተው አምስት ያርድ ይቀጣሉ።

«ታዲያ ከ53ቱ ውጭ ወዳለው የልምምድ ቡድን እናውርደውና ሲያስፈልግ እንጥራው» የሚሉም አሉ። በሊጉ አራት የውድድር ዘመን ያልሞላው ተጫዋች ሲለቀቅ በዌቨር ያልፋል፤ ማንኛውም ቡድን ሊወስደው ይችላል። ግሪን ቤይ ሂልን ያጣው በዚህ መንገድ ነው። ቢያልፍ እንኳ አንድ ተጫዋች ከልምምድ ቡድን ለጨዋታ ቀን ብቻ ከፍ የሚደረገው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ በአራተኛው በ53ቱ ውስጥ መግባት አለበት። በየሳምንቱ ስፔሻል ቲምስ ላይ የምትፈልገውን ሰው በዚህ መንገድ ማቆየት አይቻልም።

ክፍያውም ቦታውን መከተል አለበት። ሴንትስ በኖቬምበር 2021 ለሂል የሰጠው የአራት ዓመት ውል 40 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ፣ ቋሚ ኳርተርባክ ከሆነ እስከ 95 ሚሊዮን የሚያድግ ነበር። ገንዘቡ በዛ የሚሉ አሉ፤ እኔም ለሚሠራው ሥራ ብዙ ነው እላለሁ። የውሉ አሠራር ግን ትክክል ነበር፤ ሰውየው በሚጫወትበት ቦታ ልክ ይከፈለዋል።

በዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ስለ እንዲህ ያለ ሰው መፍረድ የፈለገ ደጋፊ፣ በአራተኛው ሩብ በተጋጣሚ ሦስተኛ ተሰላፊዎች ላይ ያደረገውን የ40 ያርድ ሩጫ ይተወው። ይልቅ በሦስተኛ ዳውን ሰባት ያርድ ሲቀር ከፖኬት (አጋጆቹ ከሚሠሩለት ከለላ) ሳይወጣ ሁለተኛውን ተቀባይ አይቶ ይወረውራል ወይ? ኪክኦፍ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ምድቦች ጋር ነው የሚገባው ወይስ ከመጨረሻዎቹ? ሮጦ ሲመታ ኳሱን አጥብቆ ይይዛል? የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ደግሞ ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው የሚወጣውን የማይሰለፉ ተጫዋቾች ዝርዝር ይመልከት። እዚያ የአስቸኳይ ሦስተኛ ኳርተርባክ ስም ካለ፣ ሁለገቡም ለብሶ አራተኛው ታይት ኤንድ ከተቀመጠ፣ ቡድኑ ሒሳቡን አውቆበታል። ስሙ ከሌለና ከቋሚው ሌላ ኳርተርባክ ተብሎ የለበሰው እሱ ብቻ ከሆነ፣ እሱን በመጀመሪያው ኪክኦፍ ላይ ማሰለፍ የለባቸውም።