የጅሬኑ በረንዳና የሸተሩ ፍጥነት

በጅማ ከተማ በምሠራበት ፎቶ ቤት የመስክ ቀረጻዎችን አስተባብራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰፊ ቤተሰብ በጅሬን ኮረብታ ላይ በሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የማስታወሻ ፎቶግራፍ እንድናነሣለት ጠይቆን ነበር። ወጣቱ ባልደረባዬ ካሜራውን ኤቪ ላይ፣ ማለትም አፐርቸሩን (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ባለሙያው መርጦ የሸተሩን (ብርሃኑን ለአጭር ጊዜ የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት ካሜራው በሚያሰላበት ስልት ላይ አድርጎ፣ በኤፍ 11 አፐርቸር (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና በአይ ኤስ ኦ 200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) በሣሩ ላይ ሲያነሣ ሸተሩ 1/125 ሰከንድ ስለነበር ምስሎቹ ያማሩ ነበሩ።

ካፊያ ሲጀምር ሁሉም ወደ እንጨቱ በረንዳ ተጠለለ፤ ቀረጻውም ምንም ሳይቀየር ቀጠለ። ምስሎቹን በስክሪኑ ላይ አጉልቼ ስመለከት ምሰሶዎቹ ጥርት ብለው ሲታዩ የሕፃናቱ ፊት ግን ደብዝዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ፎከሱ ስቶብኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ፎከሱ ቢስት ኖሮ ከሕፃናቱ አጠገብ ያለው ምሰሶም በደበዘዘ ነበር። ከጣሪያው ሥር ብርሃኑ በአራት ስቶፕ (በእያንዳንዱ ስቶፕ በግማሽ) ስለቀነሰና አፐርቸሩ በኤፍ 11 ስለተወሰነ፣ ካሜራው ጉድለቱን ለመሙላት ሸተሩን ወደ 1/8 ሰከንድ አውርዶታል፤ በዚህ ዘገምተኛ ፍጥነት ደግሞ የሚንቀሳቀስ ሕፃን ይደበዝዛል። ይህ ስልት አሳሳች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የምስሉ ብርሃን ትክክል ሆኖ ስለሚወጣ ካልጎላ በቀር ጉድለቱ አይታይም። የሌንሱ ማረጋጊያም የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የሚነሣውን ሰው እንቅስቃሴ አያስቀርም።

ባልደረባዬ ኤፍ 11ን የመረጠው ቤተሰቡ የተሰለፈበት ሁለቱም ረድፍ ጥርት ብሎ እንዲወጣ አስቦ ነበርና ሐሳቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአምስት ሜትር ያህል ርቀት ለሚነሣ ሁለት ረድፍ ኤፍ 5.6 ይበቃል። አፐርቸሩን ወደዚያ ከፍተን አይ ኤስ ኦውን 1600 ስናደርገው ሸተሩ 1/250 ሰከንድ ደረሰ። በጥላው ቦታ ጥቂት ነቁጥ (ከፍ ያለ አይ ኤስ ኦ የሚያመጣው የምስል ሻካራነት) ታየ፤ እኔ ግን ነቁጡን እመርጣለሁ፣ እርሱን በኋላ በኮምፒውተር መቀነስ ሲቻል የደበዘዘን የሕፃን ፊት መመለስ አይቻልምና። ቤተሰቡም በትዕግሥት እንደገና ተሰለፈልን።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ስንወጣ አይ ኤስ ኦውን አውቶማቲክ አድርገን ዝቅተኛውን የሸተር ፍጥነት በ1/125 ሰከንድ እንወስናለን። ሆኖም አይ ኤስ ኦው የተፈቀደለት ጣሪያ ላይ ከደረሰ ካሜራው ሸተሩን ከዚያም በታች ስለሚያወርደው፣ ከደጅ ወደ ጥላ በገባን ቁጥር በመመልከቻው ውስጥ የሸተሩን ቁጥር ሳናነብ አንተኩስም።