በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፦ የድሬዳዋ ግቢዬን ከቢምቢ ያላቀቅኩበት መንገድ

ድሬዳዋ ላይ ቢምቢ በብዛት የምትራባው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን እኛው በምናጠራቅመው ውሃ ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ሁሉ በርሜል፣ ሮቶና ጀሪካን ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ትኩሳት፣ በ2019 የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማዋን ሲያዳርሱ ያሠራጨችው ኤደስ የምትባለው እግሯ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆነው ቢምቢ ናት። በ2022 በደረቁ ወቅት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ የተጠቀሰችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ቢምቢ ናት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ኤደስ በቀን ትነክሳለች፣ ይልቁንም ጠዋት ፀሐይ እንደወጣችና ከመግባቷ በፊት። ስቴፈንሲ ከምሽት ጀምራ ነው። ሁለቱም ግን እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያው በርሜላችን ውስጥ ስለሆነ ሥራው አንድ ነው።

የጀመርኩት ውሃ የሚይዘውን ዕቃ ሁሉ በመቁጠር ነው። በርሜልና ሮቶ ማንም ያስታውሳል። የሚረሳው ከፍሪጅ ጀርባ ያለው የጠብታ መያዣ፣ ኤሲ የሚንጠባጠብበት ባልዲ፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ከአበባ መትከያ ዕቃ ሥር የተቀመጠ ሳህን፣ ቅጠል የደፈነው አሸንዳና አሮጌ ጎማ ነው። ጎማ በየትኛውም ጎኑ ቢያገላብጡት ውሃ ይይዛል፤ ወይ ታችኛው ጎኑን ሦስት አራት ቦታ መብሳት፣ ወይ ከግቢ ማስወጣት ነው። አሸንዳው ላይ ውሃ ከተኛ መጥረግ ብቻ አያዋጣም፤ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ማቀፊያውን ማስተካከል ይገባል።

በርሜል ውስጥ እጭ መኖሩን ለማየት ጥላን ማስወገድ ያስፈልጋል። ሰው ጎንበስ ሲል ጥላውን አይተው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ውሃውም ንጹሕ ይመስላል። የስልክ መብራት ከጎን አብርቶ ሳይንቀሳቀሱ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ለመተንፈስ ተመልሰው ይመጣሉ። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚጋደመው የወባዋ ወገን ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ኤደስ ወይም የቆሻሻ ውሃዋ ቢምቢ ኩሌክስ ነው። ጭንቅላታቸው ገዝፎ የጎበጡ ካሉ አንድ ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፤ ያ በርሜል ለነገ አይባልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃውን ደፍቶ እንደገና ይሞላዋል። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው መስመር ከፍ ብሎ እርጥብ ግድግዳው ላይ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ በጣም የሚያንሱ ጥቁር ነጠብጣቦች በርሜሉን እንደ ቀለበት ከበውት ይታያሉ። እነዚህ ደርቀው ወራት መቆየት ይችላሉ፣ ውሃ ሲነካቸው ይፈለፈላሉ። ስለዚህ በርሜሉ መፈተግ አለበት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ፈረቃው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በርሜሉ ባዶ ሊሆን ሲል፣ የተረፈውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ እደፋለሁ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ በረኪና ላይ ቀጭን ሊጥ እስኪመስል ድረስ የልብስ ሳሙና ዱቄት እጨምራለሁ። በረኪና ለብቻው ግድግዳው ላይ አይቆይም፣ ወዲያው ይወርዳል፤ ዱቄቱ የሚያስፈልገው እንዲጣበቅ ነው። ጓንት አድርጌ ከአፉ እስከ ታች ቀብቼ 15 ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ከዚያ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጌ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቀልቃለሁ። ሥራው ደጅ፣ አየር ባለበት ይሁን፤ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ማገናኘት መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የዛገ በርሜል ደግሞ በቂ ፍተጋ አይቀበልም፣ ዝገቱ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሉ ይደበቃል፤ ለውሃ ማጠራቀሚያ ባይውል ይሻላል።

ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ መሆን አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት እንቁላል ተፈልፍሎ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ አሥራ አምስት ቀን የዘለለ ሰው አንድ ትውልድ አሳድጎ ለቀቀ ማለት ነው።

ክዳኑ ቀጥሎ ይመጣል። ቁራጭ ቆርቆሮ ጭኖ ድንጋይ ማስቀመጥ በዙሪያው ለቢምቢ መግቢያ ይተዋል። ለ200 ሊትር በርሜል ስስ የመጋረጃ መረብ 90 በ90 ሳንቲሜትር ቆርጬ፣ የብስክሌት ካላማዳሪን ቫልቩ ጋ በጥሼ እንደ ገመድ አጥብቄ አስርበታለሁ። መረቡ ረግቦ ውሃውን ከነካ እርጥቡ ጨርቅ ራሱ የእንቁላል መጣያ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአፉ 10 ሳንቲሜትር አጉድዬ እሞላለሁ። መድኃኒት የተነከረ የመኝታ አጎበር ለመጠጥ ውሃ ክዳን አይሆንም፣ ቦታው አልጋ ላይ ነው። ሮቶ ላይ ክዳኑ ተጠምዝዞ መገጠሙን ብቻ አይቶ የሚወርድ ብዙ ነው፤ ቢምቢ የምትገባው በትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ ነው። አፉን በድርብ መረብ ሸፍኖ በፋሸታ ማጥበቅ ነው። አቧራ እንዳይደፍነው በየወሩ ይታጠባል፤ ፀሐይ የበላው መረብ በጣት ሲጫኑት ስለሚቀደድ ይለወጣል።

መድፋት ለማይቻል ትልቅ ገንዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ቴሜፎስ የተባለ እጭ ገዳይ መድኃኒት አለ። የአሸዋ መልክ ያለው 1 በመቶ ከሆነ ልኩ ለ10 ሊትር 1 ግራም፣ ለ200 ሊትር 20 ግራም ነው። በእፍኝ ገምቶ መበተን ልክ አይደለም፣ ይመዘን።

ሌሊት የምታስቸግረው ኩሌክስ ከሴፕቲክ ታንክ ነው የምትወጣው። የክዳኑን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን፣ መተንፈሻ ቱቦው አፍ ላይ የፕላስቲክ ወንፊት ማሰር ይበቃል። የብረት ወንፊት ከታንኩ በሚወጣው ጋዝ ቶሎ ይበላል።

ፍሊት የመጨረሻው ነው። የሚገድለው የበረረችውን ብቻ ነው፣ በርሜሉ ነገ ሌላ ያወጣል። ከተነፋም አየር ላይ ሳይሆን ኤደስ የምታርፍበት ቦታ ላይ፦ አልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ጎን። ጠጅ ሳር በመትከያ ዕቃ ተክሎ በር ላይ ማቆምም ቢምቢን አያባርርም።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አይታይም፤ ቀድመው የበረሩት ሁለት ሦስት ሳምንት ይኖራሉና ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከአንድ ወር በኋላም ንክሻው ካልቀነሰ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ለመለየት ጥቁር የተቀባ የአንድ ሊትር ጣሳ ግማሹን ውሃ ሞልቼ፣ ውስጡን በሻካራ ጨርቅ ከብቤ፣ በየአጥሩ ጥግ ጥላ ላይ አስቀምጣለሁ። በአምስተኛው ቀን ጨርቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚበዛበት ጥግ ወደ ምንጩ ያመለክታል። ጣሳው በአምስተኛው ቀን ካልተደፋ ራሱ መራቢያ ይሆናል። ኤደስ ከተወለደችበት ብዙም ስለማትርቅ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አራት ቤት አያልፍም፤ በጅምር ሕንፃ ያለ የውሃ ጉድጓድና በርሜል ከሁሉ በፊት ይታይ።

ከቤት ከሳምንት በላይ ሲወጣ በርሜሎቹ ይገለበጣሉ፣ የሽንት ቤት መቀመጫው ክዳን ይዘጋል፣ የወለል ፍሳሽ ማስገቢያው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ክብደት ይደረግበታል፣ የፍሪጁ ጠብታ መያዣም ይደርቃል።